ጥያቄና መልስ፦ ድርጅት ለገጠር ትምህርት ቤት ምን ይስጥ?

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታና የሥራ መስክ የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ የንግድ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነታቸውን ሲወጡ የገጠር ትምህርትን በምን መንገድ ቢደግፉ ይበጃል የሚል ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ ለመስጠት የተዘጋጁ፣ አንዷ ተቀብለው የተቸገሩ፣ አንዱ ደግሞ የሰጪውን ሒሳብ የሚይዙ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በጌዴኦ ዞን ሁለት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ያሉት የቡና ላኪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ባለቤቶቹ ከዘንድሮው ትርፍ ገንዘብ መድበው ከጣቢያዎቻችን በአንዱ አጠገብ አዲስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ወስነዋል። ከዚያው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን ያረጀ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አዲስ እንሥራ ወይስ ያለውን እንደግፍ? ሥራውንስ ከየት እንጀምር?
*ከዲላ*

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ የእኛም ምክር ባለው ትምህርት ቤት ላይ ይሥሩ የሚል ነው። ግንባታ የአንድ ጊዜ ወጪ ሲሆን የመምህራን ደመወዝ፣ የመጻሕፍት፣ የጠመኔና የጥገና ወጪ ግን በየዓመቱ የሚመጣ ነው። ይህን የሚሸከመው ወረዳው ነው፤ የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ብቻ እንደሚያልቅም በዘርፉ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ወረዳው ሳያቅድበት አዲስ ትምህርት ቤት ቢቆም መምህራኑ ከነባሩ ትምህርት ቤት ተቀንሰው ከመምጣት በቀር ሌላ ምንጭ የላቸውም፤ በዚህም ምክንያት አንድ ደካማ ትምህርት ቤት የነበረው ቀበሌ ሁለት ደካማ ትምህርት ቤቶች ይኖሩታል። ለዚህ ምክር አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በመካከሉ ክረምት የሚሞላ ወንዝ ካለ፣ ወይም የ7 ዓመት ሕፃናት ርቀቱን መመላለስ አቅቷቸው እስከ 9 እና 10 ዓመታቸው ቤት የሚውሉ ከሆነ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር ቅርንጫፍ በነባሩ ትምህርት ቤት ሥር መክፈት ተገቢ ነው፤ ይህም ወረዳው መምህር ለመመደብ በጽሑፍ ከተስማማ በኋላ ነው።

የራሳቸውን ትምህርት ቤት አቋቁመው የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው። በባቱ የሚገኘው ሼር ኢትዮጵያ የተባለው የአበባ እርሻ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቁሟል። ነገር ግን እንዲህ ያለው እርሻ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን በአንድ ቦታ ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ ነው፤ የእርስዎ መፈልፈያ ጣቢያ ግን በዓመት ለጥቂት ወራት ሥራ ላይ ቆይቶ በቀረው ጊዜ ከዘበኛ በቀር ሰው የማይገኝበት ነው። በበጋው አልፎ የሚሄድ ድርጅት ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ተቋም ባለቤት መሆን ይከብደዋል።

ስለ ቤቱ ይህን ያህል ካልን ስለ ትምህርቱ እንነጋገር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ደርሷል ማለት ይቻላል፤ ዛሬ የጎደለው ልጁ ገብቶ የሚማረው ነው። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች መካከል ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ዕድሜያቸውን የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ውጤት ስንሰማ ጣታችንን የምንቀስረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ነው፤ ሆኖም 2ኛ ክፍል ላይ ፊደል ሳይለይ ያለፈ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ መውደቁ የዘገየ ዜና እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ድርጅትዎ ገንዘቡን ከየት ይጀምር ቢሉን፣ 1ኛ ክፍልን ከሚያስተምረው መምህርና ልጁ በእጁ ከሚይዘው መጽሐፍ ይጀምር እንላለን።

በተግባር ሲገባ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይሂዱና የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ራሳቸውን ገምግመው በመማር ማስተማር፣ በአመራር፣ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ምቹነትና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ከፋፍለው ዕቅድ ማዘጋጀት ከጀመሩ ቆይተዋል። ዕቅዱ አንዳንድ ጊዜ ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ውይይት ለመክፈት ይጠቅማል። ቀጥለው ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት ጋር፣ ርእሰ መምህሩ ባሉበትም በሌሉበትም፣ ይነጋገሩ። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከላይ ከጀመሩ፣ ታች ሲደርሱ ሁሉም ሰው "ምን ይምጣ እንደተባለ" አውቆ ይጠብቅዎታል።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በገጠር መምህርነት ባሳለፋቸው ዓመታት የመጣበት አንድ ልማድ አለው፤ ወደ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሲሄድ አስቀድሞ እንዲያሳዩት የሚጠይቀው መጸዳጃ ቤቱን ነው። በሩ የተገነጠለ፣ ውኃ የሌለው፣ የወንድና የሴት ያልተለየ መጸዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት፣ 12 እና 13 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች በየወሩ ጥቂት ቀናት ይቀራሉ፤ የቀሩትን ትምህርት የሚያካክስላቸው ስለሌለ ቀስ በቀስ ጨርሰው ይቀራሉ። ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ የውኃ መስመር፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ልብስ መለወጫ ክፍልና የንጽሕና መጠበቂያ ነው። መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በሲ ኤን ኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተመረጡት፣ ይህ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር ጉዳይ የትምህርት ጉዳይ መሆኑን በንግድ ሥራቸው ስላሳዩ ነው። የእርስዎ ጣቢያ ደግሞ ቡና የሚያጥበው በውኃ ነው። ለጣቢያው የተዘረጋው ንጹሕ የውኃ መስመር ወደ ትምህርት ቤቱ ሊቀጠል ይችል እንደሆነ ባለሙያ ያማክሩ፤ ከመፈልፈያው የሚወጣው ያገለገለ ውኃ ተማሪዎች ወደሚቀዱበት ወንዝ አለመግባቱንም በዚያው ያረጋግጡ።

መጽሐፍን በተመለከተ ከሁሉ የሚደጋገመው ስህተት የቋንቋ ስህተት ነው። በጌዴኦ በታችኛዎቹ ክፍሎች የሚማሩት ልጆች የሚማሩት በጌዴኦኛ ነው። ከአዲስ አበባ በካርቶን ተጭኖ የሚመጣ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ ወይም ከውጭ ቤተ መጻሕፍት የተወገደ የኮሌጅ መማሪያ፣ መደርደሪያ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም አይሰጣቸውም። አካባቢው ላይ የልጆች ተረት በቋንቋው የሚጽፉ መምህራን አይጠፉም፤ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ከመረመረው በኋላ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በጥቂት ሺህ ቅጂ ማሳተም ለአንድ ላኪ ድርጅት ከባድ አይሆንም። መጽሐፍ ልጆች ወዳሉበት መሄድ እንደሚችልም በሐዋሳ ታይቷል፤ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስና የመሠረቱት ድርጅት በአህያ በሚጎተት ጋሪ ላይ የልጆች መጻሕፍት ጭነው ያዞሩ ነበር።

አሁን ደግሞ እርስዎ ያልጠየቁትን እናንሣ። የቡና ለቀማው ወቅት የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ መንፈቅ ነው። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በቡና አብቃይ ወረዳዎች ክፍሎች ይሳሳሉ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ለቀማ ላይ ናቸው፤ ታላላቆቹ ደግሞ በጣቢያዎች የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲለቅሙ ይውላሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ድርጅትዎ ደብተር ከማከፋፈሉ በፊት፣ ደብተሩን የሚቀበለው ልጅ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በጣቢያው ውስጥ አለመሆኑን ያረጋግጥ። ከዚህም ጋር ለእሸት ቡናው በወቅቱና በሚዛኑ የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ለወላጁ ልጁን ከለቀማ የሚያስቀርበት አቅም ይሰጠዋል፤ ይህ በየትኛውም የማኅበራዊ ኃላፊነት ሪፖርት ላይ ፎቶግራፍ የማይነሣ ድጋፍ ቢሆንም ከፎቶግራፉ በላይ ይሠራል።

በለቀማ ወራት ምሳ ቢኖር ክፍሎች እንደማይሳሱ ብዙ ርእሰ መምህራን ይናገራሉ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ እህሉን ከአካባቢው ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚገዛው አሠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በቀድሞው የደቡብ ክልል ተጀምሯል። ድርጅትዎ ዓመቱን ሙሉ መመገብ ባይችል እንኳ በእነዚህ ሦስት ወራት ብቻ በቆሎና ባቄላ ከአካባቢው ገዝቶ፣ ወላጆች እንጨትና ጉልበት አዋጥተው፣ ቀላል ምሳ እንዲቀርብ ማድረግ ይችላል።

የገንዘቡን ምንጭ ስናስብ "ከዘንድሮው ትርፍ" የሚለው ውሳኔ ያሳስበናል። የቡና ዋጋ እንደሚወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ ትርፍ በሌለበት ዓመት ምሳውም መጽሐፉም ይቆማል ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ከተላከው ኪሎ ላይ መመደብ ነው። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ከረጢት፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ቡና ይይዛል። በኪሎ 5 ብር ቢመደብ ከአንድ ኮንቴይነር 96,000 ብር፣ ከ10 ኮንቴይነር ደግሞ 960,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ላይ ገሚሱን ለዓመቱ ሥራ አውሎ ገሚሱን ለክፉ ዓመት ማስቀመጥ ይቻላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፌር ትሬድ በተባለው፣ ለገበሬው ተገቢ ዋጋ እንዲከፈል በሚሠራው የንግድ ሥርዓት የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዋጋው በላይ በአንድ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ፤ ምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑትም አባላቱ በጉባኤያቸው ናቸው። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ከዚህ ዓይነቱ ገቢ በአባላቱ ቀበሌዎች የመማሪያ ክፍሎችንና የውኃ ነጥቦችን አሠርቷል። የግል ድርጅት ጉባኤ የለውም፤ የወላጆች ኮሚቴ ግን ሊያቋቁምና ውሳኔውን ሊያካፍለው ይችላል።

በመጨረሻ ከወረዳውና ከትምህርት ቤቱ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረሙ። ዘመኑ ቢያንስ 5 ዓመት ቢሆን ይመረጣል። ሰነዱ ውስጥ የውኃ ፓምፑን የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩ ሲዛወሩ ኃላፊነቱን የሚረከበው ማን እንደሆነና ድርጅቱ ሲወጣ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ስምምነቱ እስከ ግንቦት ቢያልቅ ወረዳው በዕቅዱ ውስጥ ያስገባዋል፤ መስከረም ላይ ከመጡ ግን በጀቱ ተደልድሎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ በመንዝ የሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት 12 ኮምፒውተሮች ሰጥቶን፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ የቴሌቪዥን ካሜራም መጥቶ ነበር። ትምህርት ቤታችን መብራት የለውም። ኮምፒውተሮቹ ከነካርቶናቸው በእኔ ቢሮ ተደርድረው እኔ የምሠራው ከመምህራን ክፍል ጥግ ነው። ሌላ ድርጅት ደግሞ ሊጎበኘን እንደሚፈልግ ከወረዳ ተነግሮኛል። የሰው ስጦታ መመለስ ነውር እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ፣ የምንፈልገውን እንዴት ልንገራቸው?
*ከመሐል ሜዳ*

መልስ፦ ቢሮዎን ለኮምፒውተር ካርቶን ለቀው ከመምህራን ክፍል ጥግ መሥራትዎን ስናነብ ፈገግ አልን፤ ፈገግታው ግን ብዙም አልቆየም፣ ምክንያቱም ታሪኩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር መሣሪያው ደርሶ መብራቱ ወይም ጠጋኙ ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ መማር የሚገባን ትምህርት ዛሬም አልተማርነውም።

በቅድሚያ ስለ ኮምፒውተሮቹ። በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ማለትም በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ከሆነ የትምህርት ቤቱ ንብረት ናቸውና በራስዎ ውሳኔ ለሌላ ሊሰጧቸው አይችሉም፤ ተቀምጠው እንዲበላሹ የሚያስገድድ ሕግ ግን የለም። ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አመልክተው አብዛኞቹ መብራት ወዳለበት የጉድኝት ማእከል፣ ማለትም በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶች በጋራ ወደሚገለገሉበት ትምህርት ቤት፣ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዝውውር እንዲሄዱ፣ በምትኩም የእርስዎ መምህራንና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በተወሰኑ ቀናት እንዲጠቀሙባቸው ይስማሙ። ለሰጪው ድርጅትም ቅጂ ይላኩለት። ቅር ይለዋል ብለው አይስጉ፤ ስጦታው ሥራ ላይ መዋሉን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚያስቀይመው ሰጪ ቢኖር፣ ከመጀመሪያውም ሲሰጥ ያሰበው ስለ ካሜራው ነበር ማለት ነው።

ለሚመጣው እንግዳ ግን ከጉብኝቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያዘጋጁ። በወረቀቱ ላይ የተማሪዎች ብዛት በክፍልና በጾታ፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ ባለፈው ዓመት ከየትኛው ክፍል ስንት ልጆች እንዳቋረጡ ይስፈር። ከዚያ የምትፈልጓቸውን ከአምስት ያልበለጡ ነገሮች በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ከነግምታዊ ዋጋው ይጻፉ። ርእሰ መምህራን "ሁሉም ነገር ይጎድለናል" ማለት ይቀናናል፤ እውነት ቢሆንም ሰጪው የሚሰማው ከገበያ ሲወጣ ዓይኑን ያሳረፈበትን እንዲያመጣ ነው። ኮምፒውተር እንኳ ቢያስፈልግ "በመጀመሪያ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ከ4 እና 5 ዓመት በኋላ ባትሪውን ለመለወጥ የሚሆን ተቀማጭ ገንዘብ፣ ከዚያ 2 ኮምፒውተርና 1 ማተሚያ" ብለው መጻፍ ይችላሉ። ማተሚያውን ያልነው በምክንያት ነው። ወረቀትና ማባዣ በማጣት መምህሩ ፈተናውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚጽፍበት ትምህርት ቤት፣ ግማሹ የፈተና ሰዓት በመገልበጥ ያልቃል፤ ማተሚያ ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሰዓት ለተማሪው ይመልስለታል።

እንደ መንዝ ባለ ብርዳማ ደጋ ስለ መምህራን መኖሪያ ቤትም ሳይጽፉ አይለፉ። ከወረዳው ከተማ በእግር ተጉዞ የሚመጣ መምህር ሰኞ ረፋድ ላይ ደርሶ ዓርብ ከቀትር በኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሳምንቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዎች ባዶ ናቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ አጠገብ የሚሠሩ አራት ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤቶች ለአዲስ መማሪያ ክፍል ከሚወጣው ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ በዓመት ብዙ የትምህርት ቀናትን ያተርፋሉ። ለሰጪዎች ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ መሆኑን እናውቃለን፤ በመምህር ቤት በር ላይ ስሙን ማጻፍ የሚያምረው ድርጅት ጥቂት ነው።

አልቀበልም ማለት ሲያስፈልግ፣ በቦታው ተገኝተው "አንፈልግም" ከማለት ይልቅ "ወረዳው ያጸደቀው ዝርዝራችን ይህ ነው፣ ከዚህ ውጪ የሆነ ንብረት ለመረከብ የወረዳውን ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ" ማለት አክብሮትን ሳያጓድል ያድንዎታል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ አምራች ድርጅት የሒሳብ ኃላፊ ነኝ። ሥራ አመራሩ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጋፍ "ሕጋዊ ግዴታ ነው ወይ? ከግብርስ ይቀነሳል ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። በአጭሩ ቢያብራሩልን።
*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ በአጭሩ፣ ማንኛውም ድርጅት ከትርፉ ይህን ያህል ለማኅበራዊ ጉዳይ ያውል የሚል ጠቅላላ ግዴታ በአገራችን ሕግ የለም። በአንዳንድ ዘርፎች ግን የተለየ ድንጋጌ አለ፤ ለምሳሌ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዶች በሚሠሩበት አካባቢ ኅብረተሰብ የልማት ዕቅድ ውስጥ እንዲሳተፉ ያዛል። ሕንድ ከዚህ በተለየ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የኩባንያዎች ሕግ መሠረት የተጣራ ትርፋቸው 50 ሚሊዮን ሩፒና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በሀብትና በሽያጭ መጠን የተቀመጡትን መስፈርቶች የሚያሟሉ ኩባንያዎች ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ትርፋቸውን 2 በመቶ ለማኅበራዊ ጉዳዮች ያውላሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ትምህርት ነው። ገንዘቡ መብዛቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፍተኛውን ድርሻ የምታገኘው የትልልቆቹ ኩባንያዎች መቀመጫ የሆነችው የማሃራሽትራ ግዛት ናት። እኛም ዘንድ ፋብሪካ ባለበት መስመር ያሉ ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ ቀለም ሲቀቡ፣ ፋብሪካ የሌለበት ቆላ ወረዳ ዳስ ውስጥ እንደሚማር ልብ ይሏል። ሥራ አመራሩ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ሲወስን ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ግብርን በተመለከተ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የልገሳ ወጪ እንዲቀነስ የሚፈቅደው በሕጉ ለተጠቀሱ ተቀባዮችና ሁኔታዎች ሲሆን፣ ጠቅላላ ተቀናሹም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ አይበልጥም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ተቀባዩና አሰጣጡ ተቀናሽ የሚያስገኝ መሆኑን ከግብር ቢሮው በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ከተሰጠ በኋላ መከራከር አድካሚ ነው። በትምህርት ቤቱና በወረዳው ማኅተም የተረጋገጠ የርክክብ ሰነድ፣ የግዢ ደረሰኝና የመግባቢያ ሰነዱ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ለባነር፣ ለቲሸርትና ለቴሌቪዥን ሽፋን የወጣው ገንዘብ የማስታወቂያ ወጪ ነውና በልገሳ ሥር አይመዝግቡት። ለሠራተኞቻችሁ ልጆች የምትከፍሉት የትምህርት ክፍያም እንዲሁ የሠራተኛ ጥቅም ነው። እነዚህን ለይቶ መያዝ ለግብር ብቻ ሳይሆን ለሥራ አመራሩ ራሱ ይጠቅማል፤ ድርጅቱ በእርግጥ ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ በአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ከጎኑም ልጄ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ፎቶ ኮፒ ከፍታለች። በጠቅላላው ስድስት ሠራተኞች አሉን። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል የምንሰማው ስለ ባንክና ስለ ትልልቅ ፋብሪካ ነው። እንደኛ ያለ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?
*ከምሥራቅ ጎጃም*

መልስ፦ አባታችን፣ እርስዎ ትልልቆቹ ድርጅቶች የማያዩትን በየሳምንቱ የሚያዩ ሰው ነዎት። በገጠር ቀበሌዎች 9ኛ ክፍል ስለማይገኝ ልጆቹ ወደ ወረዳዋ ከተማ መጥተው ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሰኞ ጠዋት ስንቃቸውን፣ ዱቄትም ሆነ ጥሬ እህል፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል፤ ዓርብ ከትምህርት ቀርተው ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ። እህሉን ይዞ የመጣ ልጅ ለወፍጮ የሚከፍለው ሳንቲም ሲያጣ ከወፍጮ ቤትዎ ደጃፍ ቆሞ አይተውት ይሆናል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ዝርዝር፣ ከሁሉ ይልቅ የሴቶቹን፣ እንዲሰጡዎት ይጠይቋቸውና ለእነዚህ ልጆች እህል በነፃ ይፍጩላቸው። ወፍጮው ለሌላው ገበያተኛ ሲዞር የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው። ልጅዎ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምታ የመንፈቅ ዓመት ፈተናዎችን፣ ወረቀቱን ትምህርት ቤቱ አቅርቦ፣ ያለ ክፍያ ልታባዛ ትችላለች፤ ፈተናው እንዳይወጣ ግን መምህሩ በቦታው ቆሞ ያስባዛ፣ የተበላሸውንም ቅጂ ይዞ ይመለስ።

ከዚህ በላይ አቅም ካለዎት ማታ መብራት ነው። የተከራዩት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ክፍል አንድ አምፖል፣ ያም አከራይዋ 3 ሰዓት ላይ የምታጠፋው ነው። ከገበያ ቀን በቀር ማታ ባዶ የሚያድረው የእህል መጋዘንዎ አግዳሚና ሁለት መብራት ገብቶለት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢከፈት፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ወይም አንድ ወላጅ በተራ ቢጠብቁት፣ ልጆቹ በአንድ ላይ የሚያጠኑበት ቦታ ያገኛሉ። ሴቶቹ ማታ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ አብሯቸው የሚሄድ ሰው መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ይህ ካልተደራጀ የጥናት ሰዓቱን ለሴቶቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያድርጉት።

ለዚህ ሁሉ ሰነድ መፈራረም አያስፈልግዎትም። ነሐሴ ውስጥ ምዝገባ ሲጀመር ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ጎራ ብለው ዝርዝሩን መጠየቅ ይበቃል።